ጋሽ ጥንቃቄ ቀልድ የተማሩበት ሰኞ

ስሚኝማ የኔ እህት፣ ወንበር ሳቢና ቁጭ በይ፤ ቆመሽ የሚሰማ ወሬ አይደለም። ደግሞ አታቋርጪኝ። አንቺ ስታቋርጪኝ የቱ ጋ እንደነበርኩ ይጠፋኛል፣ ይሄ ነገር ደግሞ ሲጀመርም ግራ የሚያጋባ ነው። ማን ማንን እንደመከረ፣ ማን ማንን እንዳሳመነ፣ ነገሩ የደረሰባት ልጅ ራሷ እስከዛሬ በቅጡ አታውቀውም።

ልጅቷ ሬዲዮ ናት። ስሟ አይደለም፤ ካፏ ወሬ ስለማይቋረጥ እናቷ ያወጣችላት ነው። «የዚችን ልጅ ባትሪ የሚያወጣልኝ ሰው አጣሁ» ትላለች እናቷ። ሬዲዮ ዘንድሮ ትምህርቷን እንደጨረሰች አንድ የእንጨት ሥራ ድርጅት ውስጥ ስልክ አንሺ ሆና ተቀጠረች። አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ የቢሮ ጠረጴዛ የሚሠራበት ነው። የእናቷ ታላቅ ወንድም እዚያው የመጋዝ ክፍሉ ኃላፊ ናቸው። እሷ ጋሼ ትላቸዋለች። ሠራተኛው ደግሞ፣ በፊታቸው ሳይሆን ከኋላቸው፣ ጋሽ ጥንቃቄ ይላቸዋል።

ለምን መሰለሽ? ሰኞ ሰኞ ጠዋት፣ ማሽን ሳይነሳ፣ ሠላሳው ሠራተኛ አዳራሹ ውስጥ ይሰበሰባል። ጋሼ ክብ መጋዙ አጠገብ ይቆሙና በላስቲክ የተለበጠች አንዲት ወረቀት ያነባሉ። «ማንኛውም ሠራተኛ ማናቸውንም የሰውነት ክፍሉን ከሚንቀሳቀስ ስለት ማራቅ ይጠበቅበታል።» እንዲህ እያለ ይወርዳል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያቺው ወረቀት ናት! ሠራተኛው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አብሯቸው ያነባል። ቀለም ቀቢዎቹ ቆመው ያንቀላፋሉ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ደግሞ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እያለ ጎን ለጎን ያሉትን ያስቃል። ወረቀቷ ስታልቅ ጋሼ «እጅ ወደ ላይ!» ይላሉ። ሁሉም ሁለት እጁን ያነሳል። የማንም እጅ ማሽን ላይ አለመኖሩን አንድ በአንድ አይተው፣ «አብራ!» ሲሉ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ዋናውን ማብሪያ ይጫናል፤ ያን ጊዜ ማሽኖቹ ሁሉ በአንዴ ይነሳሉ።

አንድ ቅዳሜ ሬዲዮ ከሥራ ወጥታ እየሮጠች ሳለ ዝናብ አገኛትና አውቶቡስ መጠበቂያው ቆርቆሮ ስር ገባች። አጎቷ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለዋል፤ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት ያያሉ። እሳቸው ቅዳሜ ቀደም ብለው ነበር የሚሄዱት፤ እዚያ ታገኛቸዋለች ብላ አልጠበቀችም።

«ጋሼ! ምነው? አመመዎት እንዴ?»

«የለም፣ ደህና ነኝ። እናትሽ ደህና ናት?»

«እናቴ ደህና ናት፤ እርስዎ ግን ፊትዎ ቫርኒሽ ያልተቀባ ጣውላ መስሏል።»

ጋሼ ቀና ብለው አዩዋት። ሌላ ቀን ቢሆን ይቆጧት ነበር። «ሥራ አስኪያጇ አስጠርታኝ ነው» አሉ። «ባለፈው ሰኞ ንግግሬን እንደጨረስኩ ሦስት ሠራተኞች በር ላይ ይዛ ‹ምን ተባለ?› ብላ ጠይቃለች። አንዱ ‹ስለ ጥንቃቄ› አለ። ሁለተኛው ‹እንደ ሁልጊዜው ነው› አለ። ሦስተኛው ምን ቢል ጥሩ ነው?»

«ምን አለ?»

«‹ዛሬ ንግግር ነበር እንዴ?› አለ።»

ሬዲዮ ሳቋን ሳል አስመስላ ዋጠችው።

«ሁለት ሰኞ ሰጥታኛለች። በሁለቱ ሰኞ ሰው የማይሰማኝ ከሆነ ንግግሩ ተቀድቶ በድምፅ ማጉያ ይለቀቃል፤ እኔ የመጋዘን ቁልፍ እይዛለሁ። ቁልፉ አላሳሰበኝም ልጄ። ድምፅ ማጉያ ዓይን አለው? እጅጌውን ያልቋጠረውን ሰው ድምፅ ማጉያ ያየዋል? እኔ አዳራሹ ውስጥ የማልቆም ቀን የስንቱ ጣት…» ብለው ተዉት።

ይኸውልሽ፣ ነገሩ ይሄ ነው። የእሳቸው ጭንቀት ወንበር አልነበረም፤ የሰው ጣት ነበር።

ሬዲዮ ደግሞ መፍትሔ ከአፏ አይጠፋም። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ቀልድ ያስገቡበት» አለች።

«ምን?»

«ቀልድ። ሰው ሲስቅ ጆሮው ይከፈታል። አሁን እኮ እርስዎ ገና አፍዎን ሲከፍቱ ጆሯቸውን ይዘጋሉ፤ የሚሉትን ያውቁታላ!»

«አንቺ ልጅ፣ በጣት ይቀለዳል እንዴ? ስለት የሚያህል ነገር ይዤ ላሽካካ? ሳቅ መናቅ ነው። የሚያስቅ ሰው አይፈራም፤ የማይፈራ ሰው ደግሞ አይሰማም።»

«አሁንስ ይፈሩዎታል?»

«ያከብሩኛል።»

«አክብረው ነው የሚያንቀላፉት?»

ጋሼ ባርኔጣቸውን አዟዟሩት። «ጥርስ ባዳ ነው ሲባል አልሰማሽም? ጥርስ ለማንም ይስቃል። ዛሬ አብሮሽ የሳቀ ነገ ይስቅብሻል።»

«ጋሼ፣ እኛ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህር ነበሩን። አንድ ቀን የገዛ ካርታቸውን ዘቅዝቀው ይዘው እንዴት እንደጠፉ፣ መንገድ የጠየቋት አሮጊት እጃቸውን ይዛ እንዴት ወደመጡበት እንደመለሰቻቸው አወሩልን። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ! የሳቸውን ክፍለ ጊዜ የሚቀር ተማሪ አልነበረም።»

«መልካም። የዚያን ቀን ትምህርቱ ምን ነበር?»

ሬዲዮ ማስታወስ ጀመረች። አሮጊቷን ታስታውሳለች። የተዘቀዘቀውን ካርታ ታስታውሳለች። ትምህርቱ ግን… ስለ ወንዝ ነበር መሰለኝ? ወይስ ስለ ተራራ? እስቲ አንቺ ንገሪኝ፤ በአንድ ጥያቄ እንዲህ ግራ የሚጋባ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?

«እሱን እንኳ ረስቼዋለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ግን ወድጃቸው ነበር።»

«መወደድማ ከረሜላም ይወደዳል» አሉ ጋሼ።

አውቶቡሱ መጣ። ተያይዘው ገቡና መንገዱን ሙሉ ተከራከሩ። እሳቸው ክቡር ነገር በክቡር ቃል ይነገራል ይላሉ፤ እሷ ያልተሰማ ክቡር ቃል ካልተነገረ በምን ይሻላል ትላለች። በመጨረሻ ጋሼ ስለደከማቸው ይሁን ስለጨነቃቸው፣ «እሺ፣ ምን ልበል ታዲያ?» አሉ።

«ሁሉም የሚያውቀውን፣ እዚሁ የሆነውን ያንሱ። የለስላሷን የሻርፕ ነገር!»

ለስላሷ የሬዲዮ ጓደኛ ናት። ከማለስለሻ ማሽኑ ጋር የምትሠራ፣ ድምፅዋም እንደምታለሰልሰው እንጨት ለስለስና ዝቅ ያለ ልጅ ናት። ባለፈው ወር ሻርፗን አንገቷ ላይ ሳትቋጥር ጎንበስ ስትል ማሽኑ ስቦ ወሰደባት። እሷ ምንም አልሆነችም፤ ሻርፑ ግን ተጠቅልሎ ማሽኑ ላይ ቀረ። ሬዲዮ አውቶቡስ ውስጥ አስባ አስባ ቀልዱን ሠራችላቸውና ጋሼ በእርሳስ ከወረቀታቸው ግርጌ ጻፉት።

ሰኞ ደረሰ። ጋሼ እንደ ልማዳቸው አነበቡ፤ ከንፈሮች አብረው ተንቀሳቀሱ፤ ቀለም ቀቢዎቹ አንቀላፉ። ግርጌ ላይ ሲደርሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ባለፈው ወር ደግሞ» አሉ ያው በዚያው ድምፃቸው፣ «የማለስለሻ ማሽናችን ሻርፕ ተከናንቦ ሙሽሪት መስሎ ውሏል። ሚዜዋ ለስላሷ ናት። ሙሽራውን የምንጠብቀው እስከ መቼ ነው?»

ከዚያ አዳራሹ ፈነዳ! ቀልዱ ያን ያህል ሆኖ አይደለም እኮ፤ ጋሽ ጥንቃቄ መቀለዳቸው ነው ጉዱ። አንዱ ሆዱን ይዞ ቁጢጥ አለ። ሌላው ጣውላ እየደበደበ «ሙሽራዋን አምጡ!» ይላል። ሬዲዮ ከቢሮው በር ላይ ሆና በደስታ ልትበር ደረሰች። ጋሼም ፊታቸው በርቶ፣ ደንገጥ ብለው፣ ቀጥሎ ያለውን ነገር እንደ ሁልጊዜው «እጅ ወደ ላይ!» አሉ።

ማን ሊሰማቸው! የኤሌክትሪክ ሠራተኛው እንባውን ሲጠርግ አሻግሮ አየ፤ ሦስት አራት ሰው እጁን አንስቶ ያጨበጭባል። እጅ የተነሳ መሰለው። ጋሼ «አብራ» አላሉም፤ እሱ ግን ያሉ መሰለውና ማብሪያውን ተጫነው።

ለስላሷ በዚያች ሰዓት ፊቷን ባንድ እጇ ሸፍና፣ በሌላው እጇ ማለስለሻው ላይ ተደግፋ ቆማ ነበር።

የማሽኑ ቀበቶ መዞር ጀመረ። እጅጌዋን ያዘ። «አጥፋ! አጥፋ!» የሚለው የጋሼ ጩኸት እስከ ውጪው በር ድረስ ተሰማ። ማሽኖቹ ቆሙ። ልጅቷ እጇን ይዛ ቆማለች፤ ማሽኑ የእጅጌዋን ቁልፍ ነቅሎ ወስዷል፣ ሌላ ምንም አልነካትም። የተረፈችው በአንዲት ቁልፍ ነው። ሥራ አስኪያጇ ደረጃው ላይ ቆማ ሁሉንም አይታለች። አንድ ጣቷን ብቻ አነሳች። አንድ ሰኞ ቀረዎት ማለቷ ነው።

ለስላሷ ማንንም ሳታናግር ወደ ቦታዋ ሄደች። ሬዲዮንም አላናገረቻትም። ያን ቀን ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ሳምንቱን ሙሉ ነው።

ሬዲዮ ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣች። ግራ የገባት ነገር ይሄ ነው፤ ሰዎቹ ሰምተዋል! በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ነቅተዋል! ታዲያ ምኑ ነው የከሸፈው? ሐሙስ ዕለት የትእዛዝ ወረቀት ማደል ሰበብ አድርጋ አዳራሹን ዞረች። ዘጠኝ ሰው ጠየቀች፤ «ሰኞ ጋሼ ምን አሉ?» ዘጠኙም የሙሽራዋን ቀልድ ነገሯት፤ አንዳንዱማ መኪና ጨምሮበታል፣ አንዱ አማቷንም አምጥቷል። «ሻርፕ መቋጠር አለበት» ያላት አንድም ሰው የለም። ያው የጂኦግራፊው ነገር፤ አሮጊቷ አለች፣ ወንዙ የለም።

በምሳ ሰዓት የመሣሪያ ክፍሉ ውስጥ አጎቷን አገኘቻቸው። የመጋዝ ጥርስ ይሞርዳሉ። ቀና አላሉም።

«ጋሼ፣ ተቆጡኝ።»

«ለምን እቆጣሻለሁ? ያነበብኩት እኔ ነኝ። ያንቺ ስህተት የልጅ ነው፤ የኔ ግን የሽማግሌ ነው፤ ይብሳል።» ሞረዱን አስቀመጡ። «አየሽ አይደል ግን? ሳቅና ስለት አንድ ቤት አያድሩም። ወደ ወረቀቴ እመለሳለሁ። ካልሰሙኝም ቁልፌን ይዤ መጋዘን እገባለሁ።»

«ወረቀቱንም እኮ አልሰሙትም!»

«ወረቀቱ ግን የማንንም የእጅጌ ቁልፍ አልነቀለም።»

እዚህ ላይ ምን ትያለሽ? ሬዲዮም ወለሉ ላይ ያለውን ሰጋቱራ በጫማዋ ትገፋ ጀመር።

«ጋሼ» አለች፣ «እኔ ግራ ገብቶኛል። መምህራችን ሲያስቁን ማንም አላለቀሰም። እኛ ስናስቅ ለስላሷ አዘነች። እሳቸው ምን አድርገው ነው?»

«በማን ነበር ያሳቋችሁ?»

«በ… በራሳቸው።»

ሁለቱም ተያዩ።

«እርስዎስ ጋሼ? በእርስዎ ላይ የሚያስቅ ነገር ደርሶ አያውቅም?»

ጋሼ ቀኝ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱት። ሬዲዮ ያ እጅ ለምን እንደሚደበቅ ታውቃለች፤ ሌባ ጣታቸው ከግማሿ ወዲያ የለችም። ቤተሰቡም ሠራተኛውም የሚያውቀው ታሪክ አንድ ነው፤ ያኔ በወጣትነታቸው መጋዙ ተበላሽቶ ብሎን ላልቶ ነው የሚባለው።

«በሩን ዝጊው» አሉ።

ዘጋችው።

«ብሎን የሚባል ነገር አልነበረም። እናትሽም አታውቅም። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። አዲስ ልጅ ተቀጠረ፤ እኔ ደግሞ አዋቂ ነኝ፣ ደረቴ እዚህ ድረስ ነፍቷል። ‹ና ወንድሜ› አልኩት፣ ‹አደጋው የት እንዳለ ላሳይህ›። መጋዙ ይሽከረከራል። ‹ይኸውልህ› አልኩት፣ ‹እዚህች ጋ፣ እዚህችው ጥርስ ጋ፣ ማንም ሰው በምንም ምክንያት ጣቱን እንዳያስጠጋ!› ብዬ አሳየሁት።»

«በምን አሳዩት?»

«በጣቴ ነዋ!»

ሬዲዮ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጉንጯ ተነፋ። ዓይኗ እንባ ሞላ። ያዘችው፣ ያዘችው፣ ከዚያ አመለጣት፤ እንዲያውም በአፍንጫዋ ነው ያመለጣት። «ይቅርታ ጋሼ! ወይኔ! ይቅርታ!» ትላለች፣ ግን አላቆመችም። ጋሼ ፊታቸው ጠቆረ፤ ተነሡ፤ በሩ ድረስ ሄዱ። እዚያ ሲደርሱ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያለቀሱ መስሏት ደንግጣ ስትጠጋ፣ ለካ እየሳቁ ነው! ድምፅ የለሽ፣ ከአንጀት የሆነ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተከማቸ ሳቅ።

«ልጁስ?» አለች ሬዲዮ ትንፋሽ እያጠራት።

«ልጁማ» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «ሥራ ቀይሮ እስኪሄድ ድረስ አንዲት ጭረት አልነካችውም። እንደኔ ያለ አስተማሪ የት ያገኛል!»

እንደገና ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ሬዲዮ፣ «ይሄን ይንገሯቸው» አለች።

«አብደሻል? ሠላሳ ሰው ፊት ራሴን ላዋርድ? ‹ሞኙ ሽማግሌ› ሊሉኝ?»

«ጋሼ፣ የብሎኑን ታሪክ የሰማ ሰው ብሎን ይፈራል። የጣትዎን የሰማ ሰው ግን ራሱን ይፈራል። የሚያስቀው ቀልዱ ብቻ እኮ አይደለም፤ ትምህርቱ ራሱ ነው! ይሄን ቀልድ ለሌላ ሰው ለመንገር ትምህርቱን አብሮ መንገር ግድ ነው፤ አንዱን ከሌላው መላጥ አይቻልም። የኔ የሙሽራ ቀልድ ላይ ላዩን የተቀባ ቀለም ነበር። መምህራችንም ካርታውን የዘቀዘቁት ወንዙ ጋ ሊወስዱን ቢሆን ኖሮ፣ ወንዙን አልረሳውም ነበር።» ይህን ስትል ከየት እንዳመጣችው ራሷም አላወቀችም። ስታወራ ነው የገባት።

ጋሼ ከበሩ ተመልሰው ሞረዱን አነሱ። «ክብሬስ?» አሉ።

«ክብርዎን አላውቅም ጋሼ። እኔ አሁን ከቅድሙ ይበልጥ ነው የወደድኩዎት። ያከበርኩዎት ጭምር ይመስለኛል። ግን አላውቅም፤ ግራ ገብቶኛል አልኩዎ እኮ።»

«እኔንም» አሉ ጋሼ። ከዚያ የባለሙያ ፊታቸው ተመለሰ። «የምነግራቸው ከሆነ ግን በአንቺ አካሄድ አይደለም። ሳቅ ሰውን ያላላዋል፤ ላልቶ ማሽን አይነካም። ቀልዱ ፊት ይሁን። ሳቁ ይለቅ። ጸጥ ይበል። ከዚያ ቁም ነገሩ፣ ከዚያ እጅ ወደ ላይ። ሙጫ ቀብቶ ወዲያው የሚቀመጥበት ሰው አለ? ይደርቅ ዘንድ ይጠበቃል።»

ይሄን ደግሞ ሬዲዮ አላሰበችውም ነበር። አየሽ፣ መካሪዋ ተመካሪ ስትሆን።

ሁለተኛው ሰኞ ጠዋት አዳራሹ ውስጥ ሰጋቱራው ገና አልተጠረገም። ሥራ አስኪያጇ ደረጃው ላይ ክንዷን አጣምራ ቆማለች። ለስላሷ ከሁሉም ኋላ፣ ግድግዳው ጋ ናት። ጋሼ ወረቀታቸውን አወጡ። «ማንኛውም ሠራተኛ…» ሠላሳ ከንፈር አብሮ ተንቀሳቀሰ። ጋሼ አቆሙ። ከንፈሮቹ ግን ትንሽ ቀጠሉ፤ ሁለት ሦስት ሰው «ማናቸውንም የሰውነት ክፍሉን» ብሎ ብቻውን ቀረ። ያኔ ነው መጀመሪያ ሳቅ የተሰማው። ጋሼ ወረቀቷን አጠፉና ኪሳቸው ከተቱ።

«እኔ ከምችለው በላይ ችላችሁታል» አሉ። «ዛሬ ሌላ ነገር ልንገራችሁ። በመጀመሪያ ግን፣ ባለፈው ሰኞ በአንዲት ልጃችን አሳቅኳችሁ። የራሴን ጉድ ደብቄ የሷን አደባባይ አወጣሁ። ልጄ፣ በሁሉም ፊት ይቅርታ እጠይቅሻለሁ።»

ለስላሷ መሬት መሬት አየች። ሬዲዮ በሩ ላይ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች፤ የሰው ልብ እንዲህ ከከበደ በኋላ እንዴት ነው የሚሳቀው? አበቃልን፣ አለች በሆዷ።

ጋሼ ግን ቀስ ብለው ጀመሩ። አዲሱን ልጅ አመጡት። የገዛ ደረታቸውን እንዴት እንደነፉት ነፍተው አሳዩ፤ ሦስት የሸሚዝ ቁልፍ ሊበጠስ ደረሰ። «ማንም ሰው በምንም ምክንያት እዚህች ጋ ጣቱን እንዳያስጠጋ ብዬ አሳየሁት» አሉና ዝም አሉ።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛው አላስቻለውም። «በምን አሳዩት ጋሼ?» አለ ከኋላ።

ጋሼ ቀኝ እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ወደ መጋዙ ዘረጉት። የሌለችው ጣት ጠቆመች።

ከዚያ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሳቅ! ሰው ይስቃል፣ ወዲያው «ኧረ!» ይላል፣ እንደገና ይስቃል። ግማሹ እየሳቀ የራሱን ጣት በሌላው እጁ ጨብጧል። ሥራ አስኪያጇ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ትከሻዋ ግን ከዳት። «ልጁስ?» አለ አንዱ፤ ጋሼም የልጁን ነገሩት፤ አዳራሹ ዳግመኛ ፈረሰ።

ጋሼ ጠበቁ። አልቸኮሉም። የመጨረሻው ሳቂ ዓይኑን እስኪጠርግ፣ የመጨረሻው ሳል እስኪያልቅ ድረስ ጠበቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አደጋው የት እንዳለ ከማንም በላይ አውቅ ነበር። እያስተማርኩ ነበር እኮ! የጎደለኝ እውቀት አይደለም። እጄን አላየሁም፣ ያ ብቻ ነው። እናንተም ታውቃላችሁ፤ ወረቀቱን ከኔ በላይ ሸምድዳችሁታል። እስቲ አሁን፣ እጃችሁ የት ነው?»

ሠላሳ ሰው ጎንበስ ብሎ የገዛ እጁን አየ። አንዱ እጁን ከመላጊያው ጠረጴዛ ላይ ቀስ ብሎ አነሳ። ሌላው ሳይነገረው እጅጌውን ቋጠረ።

«እጅ ወደ ላይ።»

ጮክ ብለው አልተናገሩም። ስድሳ እጅ ግን ተነሳ፤ አንድም አልቀረም። ዓይናቸው አዳራሹን ዞረ። «አብራ።»

ሥራ አስኪያጇ በር ላይ ሦስት ሰው ይዛ ጠየቀች። ሦስቱም ታሪኩን ነገሯት፤ ሦስቱም ሲጨርሱ ሳያውቁት እጃቸውን አዩ። ድምፅ ማጉያው ከዚያ ወዲያ አልተነሳም፤ የመጋዘኑን ቁልፍም ሌላ ሰው ያዘው።

ማታ ወደ አውቶቡስ ሲሄዱ ጋሼ፣ «ልጄ፣ ተረትቻለሁ» አሉ። «ሳቅ መናቅ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሰው ራሱን ዝቅ አድርጎ ሲያስቅ ሰሚው ይጠጋዋል፤ የተጠጋ ደግሞ ይሰማል። ክብሬ ጣቴ ላይ የነበረ ይመስል ሠላሳ ዓመት ደበቅኳት። ዛሬ ስምንት ሰው መጥቶ የደበቀውን ጥፋት ነገረኝ። ወረቀቱን ባነብ ይነግሩኝ ነበር? አይነግሩኝም።»

«እኔም እኮ ተረትቻለሁ» አለች ሬዲዮ። «እኔ ሰው ካሳቅሽ በቃሽ ይመስለኝ ነበር። በማን እንደሚሳቅ፣ መቼ እንደሚሳቅ፣ ሳቁ ሲያልቅ እጅ ላይ ምን እንደሚቀር አላሰብኩም።»

«ሁለታችንም ከተረታን ታዲያ ማን አሸነፈ?»

ሬዲዮ አሰበች። አልመጣላትም። አሁንም አልመጣላትም። ጥቅሙ ግን ግልጽ ነው፣ ማንም ሊክደው አይችልም፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ሰኞ ሰኞ አንድ ሠራተኛ ተራ ገብቶ የገዛ ጥፋቱን እያሳቀ ይናገራል፤ ጋሼ ሳቁን ያስጨርሱና ቁም ነገሩን ያስከትላሉ። እስካሁን የማንም ጣት አልተነካም። ቆሞ የሚያንቀላፋም የለም። አርፍዶ ይመጣ የነበረው ሁሉ ሰኞን አያረፍድም፣ ቀልዱ ያመልጠኛል ብሎ። ጋሽ ጥንቃቄ የሚለውን ስም ደግሞ አሁን በፊታቸው ይጠሯቸዋል፤ እሳቸውም «አቤት» ይላሉ።

አንድ ነገር ግን ሳልነግርሽ አልቀርም። በዚያው በሁለተኛው ሰኞ፣ በምሳ ሰዓት፣ ሬዲዮ ለስላሷን ፍለጋ ሄዳ ነበር። የጣውላ ክምሩ ላይ ብቻዋን ቁጭ ብላ አገኘቻት፤ እጅጌዋ ላይ አዲስ ቁልፍ ሰፍታለች።

«የሙሽራዋን ቀልድ የሠራሁት እኔ ነኝ» አለቻት፤ ያለ መግቢያ፣ ያለ ምንም። «ጋሼ አይደሉም። እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።»

ለስላሷ ጠጋ አለችና ቦታ ለቀቀችላት። ሬዲዮ ተቀመጠች። አዲሱን ቁልፍ በጣቷ ነካ አደረገችው። ከዚያ አላስቻላትም።

«ዛሬ ስትስቂ አይቼሻለሁ። ያም ሳቅ ነው፣ ይሄም ሳቅ ነው፤ እኔ አሁንም ግራ ገብቶኛል። ምንድን ነው ልዩነቱ?»

ለስላሷ በዚያች ዝቅ ባለች ድምፅዋ የመለሰችላትን አልጨምርበትም፣ አልቀንስበትም፤ ቃል በቃል እንዲህ ነው ያለቻት፤

«ባለፈው ሰኞ ስትስቁብኝ እጄ የት እንዳለ አላውቅም ነበር። ዛሬ ግን እየሳቅኩም እጄ የት እንዳለ አውቅ ነበር።»